ቀድሞ ቃሉን የሚያከብር ማን ነው?



ስለ መተማመን ሲወራ ብዙውን ጊዜ ወሬው የሚያርፈው በባልና በሚስት፣ በጓደኛና በጓደኛ መካከል ነው። ሰው የከዳውን ያማል፣ የታመነለትን ያመሰግናል፣ ጉዳዩም የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። መተማመን ሲፈርስ ጉዳቱ በከዳውና በተከዳው መካከል አይቆምም። ምንም ያላጠፋ ሦስተኛ ሰው፣ አንዳንዴም በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለደ ልጅ፣ ዕዳውን ይከፍላል። የፈረሰውን መጠገን ሲነሳ ደግሞ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ተበደለው እናዞራለን፤ "እርሳው፣ ይቅር በል፣ እንደገና እመን" እንለዋለን። ይህ አካሄድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያውን እርምጃ መራመድ ያለበት ጉልበቱና ሥልጣኑ ያለው፣ ቢሸነፍም ብዙ የማይጎዳው ወገን ነው። እሱ ቀድሞ ቃሉን ሳያከብር "እመኑን" ማለት ልመናም ቢሆን ትእዛዝም ቢሆን ፍሬ የለውም። ማስረጃውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ ከዚህ ከደባርቅ ከተማ ጫፍ ይጀምራል።

መጀመሪያ መተማመን በየዕለቱ ምን እንደሚሠራ እንይ። በስሜን ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብዙ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ እንደሱ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል። ዛሬ የአንዱ ማሳ ይታረሳል፣ ነገ የሌላው። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። መሬቱ ርጥበት በያዘበት በዚያ ጥቂት ቀን ውስጥ ቀድሞ የታረሰለት ሰው "በሬዬ ታሞብኛል" ብሎ ቢያስቀር መቀናጆው የዓመት እህሉን ያጣል። በመካከላቸው የተጻፈ ውል የለም። ፍርድ ቤት ቢሄድ እንኳ ፍርዱ ሳይሰጥ ወቅቱ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ሥር የሚውሉት ሁለቱ ሰዎች ስለተማመኑ ብቻ ነው። ይህ መተማመን ባይኖር ሁለቱም በሬዎች በረት ውስጥ ቆመው ይውላሉ፣ ሁለቱም ማሳዎች ጦም ያድራሉ።

ርቢውንም እንመልከት። ጉልበት ያነሳት መበለት በጎቿን ግጦሽና እረኛ ላለው ሰው በርቢ ትሰጣለች፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። በጓ በደጋው ብርድ ብትሞት ወይም አውሬ ቢጥላት አርቢው ምን ያደርጋል? ቆዳዋን፣ እሱም ካልተገኘ የተረፈውን፣ ይዞ ባለቤቷ ዘንድ ይሄዳል። ይህን ልማድ እስኪ ቆም ብለን እናስበው። ቆዳው የሚመጣው ተጠይቆ አይደለም። ባለቤቲቱ ሰውየውን ስለምትጠረጥረውም አይደለም፤ ብትጠረጥረው ኖሮ ከመጀመሪያውም በጓን አትሰጠውም ነበር። ቆዳው ይበልጥ የሚጠብቀው የአርቢውን ስም ነው፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ በግ የሚሰጠው ሳይጠየቅ ማስረጃ ስላቀረበ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መተማመንና ማስረጃ ጠላቶች አይደሉም፣ አብረው ይኖራሉ። ሁለተኛና ለዛሬው ንግግሬ ዋናው፣ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ንብረቱ በእጁ ያለው ሰው ነው። መበለቲቱ በየሳምንቱ ተራራ ወጥታ በጓን እንድትቆጥር ማንም አይጠብቅባትም።

እዚህ ላይ ከሁላችንም አፍ የማይጠፋ ተቃውሞ ይነሳል። "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ይላል የአገራችን ሰው፤ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ይላል። እነዚህ አባባሎች ከባዶ አልመጡም፤ ከብዙ መከዳት በኋላ የተነገሩ ናቸውና በንቀት ልናልፋቸው አይገባም። ነገር ግን አባባሉን ከሚናገረው ሰው ኑሮ ጋር እናስተያየው። ማንንም አላምንም የሚለው ሰው ራሱ እህሉን ወፍጮ ቤት ያደርሳል፣ ልጁን ለመምህር ይሰጣል፣ ሌሊት ምጥ ሲመጣ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል። አለማመን በንግግር ይቻላል፣ በኑሮ ግን አይቻልም። ጥያቄው ማመን ወይስ አለማመን የሚል ሳይሆን በምን ዓይነት ሁኔታ ማመን የሚል ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየ ጥናት እዚሁ አገራችን ውስጥ ተደርጓል። ዴቬሽ ሩስታጊና ባልደረቦቹ በባሌ 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ከተጠቃሚዎቹ ሲሶ ያህሉ "ሌላው ከተባበረ እኔም እተባበራለሁ" የሚሉ ዓይነት ሰዎች ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ሌላ ነገር ነው፦ እነዚሁ ተባባሪ ሰዎች ደኑን እየዞሩ በመጠበቅ ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓት ያጠፋሉ። የሚያምን ሰው ዓይኑን የጨፈነ ሰው ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ይወድቃል። ዓይኑን ከፍቶ ያምናል፣ ጎረቤቱም ዓይኑን ከፍቶ እንዲያየው ይፈቅዳል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ታሪካችን ይመሰክራል። ጃናሞራ ውስጥ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ለራሳቸው ንግሥና እንዳሰቧት ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከዚያ በፊት የነበረው ዘመነ መሳፍንት የመሐላ ድርቅ አልነበረበትም። መኳንንቱ በመስቀል ይማማሉ፣ ልጅ ለልጅ ይጋባሉ፤ ካሣም ራሳቸው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብተው ኋላ ከአማታቸው ጋር ተዋግተዋል። መሐላው እየበዛ በሄደ ቁጥር ዋጋው ረከሰ። ቃል ዋስ መሆኑ ሲቀር ሰው ራሱ መያዣ ሆነ፤ ባላጋራ እግር ብረት ገብቶ አምባ ላይ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ዘመን መቅደላ ላይ የታሰሩትን መኳንንት አስታውሱ። ያን ሁሉ እስረኛ የሚጠብቅ ወታደር አለ፤ ወታደሩን የሚቀልበው ገበሬ ነው። መሐላውን ያፈረሱት ገዥዎቹ ነበሩ፤ ጎተራው የተራቆተው ግን ምንም ያልማለው የስሜንና የወገራ ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልግባ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ዋልያ ከእነዚህ ገደሎች በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ አገር የለውም፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ፓርኩ መጠበቅ አለበት፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን ወሰኑ ሲሰመር ውስጡ ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ሰው ነበረ። በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ከገደሉ በታች የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በመንግሥት ኃይል ተነሡ። ተማክረው አልወጡም፣ ታዝዘው ወጡ። ከ1977 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሲሆን የፓርኩ ሠራተኞች ለቀው ሄዱ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም ፓርኩ የሚያስተዳድረው አልነበረም። ያ መንግሥት በወደቀበት ወቅት የጥበቃ ካምፖቹ ፈርሰውና ተዘርፈው ተገኙ፣ እንስሳቱ ታደኑ፣ የተነሡትም ሰዎች ወደ ቀያቸው ተመለሱ።

ይህን ድንቁርና ወይም ክፋት ብሎ ማለፍ ለተናጋሪው ይቀላል፤ ነገሩን ግን አያስረዳም። ከቤቱ በመሣሪያ የወጣ ሰው ዋልያን የሚያየው እንዴት ነው? ለእሱ ዋልያው የአገር ቅርስ አልሆነለትም፤ እሱን ያባረረው መንግሥት ንብረት ሆኖ ይታየዋል። ባለቤቱ ሲሸሽ ንብረቱ ላይ እጅ ተዘረጋ። ዋልያው ቃል አልሰጠም፣ ቃልም አላፈረሰም፤ ሂሳቡ የተወራረደው ግን በእሱ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ምክንያቶቹ የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል፣ የእርሻና የግጦሹ መስፋፋት፣ ውስጡን አቋርጦ የተሠራው መንገድ ነበሩ። ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። በጥቂት ወራት ትእዛዝ የፈረሰውን ነገር መጠገን የአንድ ሙሉ ትውልድ ዕድሜ ወሰደ። ፓርኩ በዚያ መዝገብ ላይ በቆየባቸው የመጨረሻ ዓመታት የዋልያው ቁጥር ወደ 900 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ እንደገና ክፉኛ ወርዷል።

ከመዝገቡ ለመውጣት ከተቀመጡት ሁኔታዎች መካከል ፓርኩን ማስፋትና በውስጡ የሚኖረውን ሰው መቀነስ ይገኙበታል። መጀመሪያ 136 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የነበረው ወሰን ወደ 412 ሰፋ። በ2008 ዓ.ም. ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረው የግጭ መንደር ባዶ ሆነ፤ 418 አባወራዎች ወደዚህ ወደ ደባርቅ ወረዱ። ካሳ ተከፈላቸው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው፣ አስቀድሞም ውይይት ተደርጎ ነበር። ከ1971 ዓ.ም. አድራጎት ጋር ስናስተያየው ይህ የተሻለ ነው፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብዙዎቹ ተነሺዎች ከእርሻና ከከብት ወጥተው በከተማ ውስጥ መተዳደሪያ ማግኘት እንደከበዳቸው፣ የካሳው ገንዘብም ቶሎ እንዳለቀባቸው መዝግበዋል።

ይህ ለምን የመተማመን ጉዳይ እንደሆነ ላስረዳ። ካሳ ሲሰላ ቤቱ ይቆጠራል፣ ማሳው ይለካል። መቀናጆው ግን አይቆጠርም። በርቢ የተሰጠው በግ ይሸጥ ይሆናል፤ በርቢ የሚታመነው ሰው ግን በየትኛውም የካሳ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ሰኔ ላይ ዘር የሚያበድር ጎረቤት፣ ሬሳ የሚያነሣ እድር፣ ነገር ሲከር የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ ለብዙ ትውልድ ተጠራቅመው የኖሩ ሀብት ነበሩ። መንደሩ ሲበተን ይህ ሀብት አብሮ ተበተነ። ሰውየው ከተማ ሲገባ የያዘው ጥሬ ብር ብቻ ነው፤ ብሩን የሚያዋጣበት አጋር፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ከሌለው ብር ብቻውን ዕድሜ የለውም። አስፈጻሚዎቹ በክፋት የተዉት ነገር ነው አልልም። የማይታይ ስለሆነ ሳይቆጠር ቀረ። ግን ያልተቆጠረ ንብረትም ቢጠፋ ያው ጠፋ።

ያለ ጥፋት የሚከፍል ሦስተኛ ሰው አለ ብያችኋለሁ፤ ከፓርኩ ውጪም ይኸው ሕግ ይሠራል። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ አድርጎ ተከዜን የሚሻገረው መንገድ ለረጅም ጊዜ የነጋዴ መንገድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዱቤ፣ ስንት የአፍ ውል፣ ስንት አበልጅነት ተመላልሷል! በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ሰላማዊ ሰዎች በየደጃፋቸው ተገደሉ። የዚህ ጉዳት ባለቤቶች እዚህ መካከላችን አሉና ቃል አላበዛም፤ ፍትሕ ይገባቸዋል። ነገር ግን ከተከዜ ወዲህም ወዲያም ማንንም ያልነካ ነጋዴ፣ ማንንም ያልበደለ አበልጅ ዛሬ የሚጠረጠረው በዚያው ጦርነት ምክንያት ነው። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" የተባለው ለዚህ ነው፤ የበረየውን ሰው መውቀስ አይቻልም፣ ልጡም እባብ አይደለም። ይህ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ብለን ከጠበቅን እንሳሳታለን። ናታን ነንና ሊዮናርድ ዋንቸኮን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በባሪያ ንግድ እጅግ የተጎዱ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘሮች፣ ንግዱ ከቆመ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት እንኳ፣ ዘመዳቸውንና ጎረቤታቸውን ሳይቀር ከሌሎች ያነሰ እንደሚያምኑ አሳይተዋል። አለማመን ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል። አሁን ያሉት ሕፃናት የትኛውን እንደሚወርሱ የሚወሰነው በእኛ ዘመን በሚሠራው ሥራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። "መተማመን ጥሩ ነው፤ አገር የሚያቆመው ግን ሕግና ጥበቃ ነው። ስካውት ይቀጠር፣ አጥፊ ይቀጣ፣ ሌላው ጣጣ ነው" የሚሉ አሉ። ጥበቃ አያስፈልግም አላልኩም፤ የባሌው ጥናትም የሚለው ተቃራኒውን ነው። ነገር ግን 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደልና ሸለቆ በጠመንጃ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። 1983 ዓ.ም. ያሳየን ይህንኑ ነው፤ በጥበቃ ብቻ የቆመው ጠባቂው ሲሄድ ቆሞ አልቆየም። ከዚህ ጋር የመንዝ ጓሳን የሣር ምድር እናስተያየው። እዚያ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ እየመረጠ፣ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ ለዓመታት ሲከፍት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኖሯል። ደንቡን የጣሰ ከባድ ቅጣት ነበረበት፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ግን ያወጣው ሕዝብ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ተናግቶ ነበር። ያም ሆኖ ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አደራጀው፣ ዛሬም ጓሳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል። ልዩነቱን የመንዝ ሰው ከስሜን ሰው ስለሚሻል የመጣ አድርገን እንዳናየው። የመንዙ ገበሬ ዛሬ ሣሩን ሳያጭድ ቢተው ነገ እሱ ራሱ እንደሚያጭደው እርግጠኛ ነው፤ ከገደሉ ሥር የተነሣው ገበሬ ይህን እርግጠኝነት ማንም አልሰጠውም።

"ሕዝቡስ መቼ ታመነ?" የሚል ሦስተኛ ተቃውሞም ይመጣል። በድብቅ ያደነ አለ፣ ወሰን ገፍቶ ያረሰ አለ፣ የካሳ ስም ዝርዝር ላይ የማይገባውን ስም ያስገባም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሕዝብ መልአክ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚሁ ሕዝብ ሚዛን ላይ ሌላም ነገር እናስቀምጥ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። ከእነሱ በፊት ግን ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር እየበተነ ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ደግሞም ሁለቱ ወገኖች ቢያጠፉ እንኳ ጥፋታቸው እኩል አይመዘንም። ገበሬው ቃሉን ቢያጥፍ አንድ ዋልያ ወይም አንድ ጥማድ መሬት ይሄዳል። መንግሥት ቃሉን ሲያጥፍ ደግሞ አንድ መንደር ይሄዳል። ገበሬው ቢታለል የሚመለስበት ቤት የለውም፤ ቢሮው ቢታለል በሚቀጥለው ሰኞ ይከፈታል። ለዚህ ነው ቀድሞ የመታመን ግዴታ ከላይ ያለው።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት ለተጠያቂዎች ስለ አንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የተለያዩ መልካምና ክፉ ዜናዎችን ሰጥቶ፣ እያንዳንዱ ዜና በአመኔታቸው ላይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ጠየቃቸው። ክፉው ዜና አመኔታን ያወረደው መልካሙ ዜና ካነሣው በብዙ የበለጠ ነው። ከዚህ ተነሥተን ተስፋ መቁረጥ የለብንም፤ ሥራው ግን አንድ ትልቅ የእርቅ ቀን አዘጋጅቶ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ንግግር አድርጎ የሚያልቅ እንዳልሆነ መረዳት አለብን። ለአንድ የታጠፈ ቃል ብዙ የተከበሩ ትናንሽ ቃሎች ያስፈልጋሉ።

እንዲህ ያለው ጥገና እንደሚቻል ደግሞ በክልላችን ማስረጃ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብዙ ቦታዎች መሬት እንደገና ሲደለደል ገበሬው "ነገስ?" የሚል ፍርሃት ገባው። ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቀው መሬት ላይ ማን ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ይሠራል? እርከን ለዘንድሮ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ለሚመጡት ዓመታት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በየቤቱ መሰጠት ጀመረ። የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፣ አዋሳኞች ይጻፋሉ፣ ሁሉም ነገር በጎረቤት ፊት ይረጋገጣል። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት ደብተር ባገኙት ገበሬዎች ዘንድ የመነጠቅ ስጋት መቀነሱን፣ በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያውሉት ጉልበት መጨመሩን፣ መሬት ማከራየትም መስፋፋቱን አሳይቷል። ገበሬው "እመኑን" ስለተባለ አልተለወጠም። ሥልጣን የነበረው ወገን የራሱን እጅ የሚያስር ወረቀት ቀድሞ ሰጠው፣ እሱም ድንጋዩን አነሣ። ከላይ የጠቀስኩት ቆዳ ይህ ነው፤ ንብረቱ በእጁ ያለው ማስረጃውን ሳይጠየቅ አመጣ።

ዳባት ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ምሳሌ አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎችን እየመዘገበ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በር ያንኳኳል፤ በቤቱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ወጣ ብሎ ይጠይቃል። ሞት ባለበት ቤት ሐዘኑ ጋብ ሲል ተመልሶ ይመጣል። እናትየዋ ፊት ተቀምጦ፣ ልጇ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሳል ነበረበት ወይ፣ ጡት ማጥባት መቼ እንዳቆመች ይጠይቃታል። ያቺ ሴት ለመመለስ ምንም አስገዳጅ ነገር የለባትም። ብትዋሽ የሚደርስባት የለም፤ ብትዘጋ የሚከሳት የለም። ትናገራለች፤ ከቃሏም ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይለያሉ፤ በዚህ መንገድ ሞት በሆስፒታል በማይመዘገብበት ገጠር ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ ይታወቃል። ይህ ሁሉ እውቀት የቆመው አንዲት የገጠር ሴት "የነገርኩት ምስጢር ጎረቤት አይሰማውም" ብላ በማመኗ ላይ ነው። አንድ መረጃ ሰብሳቢ አንድ ቀን ጠላ ቤት ውስጥ የሰማውን ቢያወራ ቀበሌው በሙሉ በሩን ሊዘጋ ይችላል። የሚጎዳው ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚወለደው፣ በዚያ መረጃ ክትባትና መድኃኒት ሊደርሰው የሚችል ሕፃን ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ በወረዳውና በከተማው አስተዳደር፣ በዩኒቨርሲቲውም ኃላፊነት ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለግጭ ተነሺዎች በየስብሰባው፣ በየደብዳቤው፣ በቃልም የተገባው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። የተፈጸመው ከነቀኑ፣ ያልተፈጸመው ከነኃላፊው፣ ፈጽሞ የማይቻለውም ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ "አንችልም" የሚል እውነተኛ ቃል ከማይፈጸም ተስፋ ይሻላል። መዝገቡን ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በገለልተኛነት ይያዘው። በየዓመቱ በታወቀ ቀን በተነሺዎቹ ፊት፣ እነሱ በሚሰሙት ቋንቋና ድምፅ ይነበብ፣ "ይህ ቀርቷል" የማለት መብትም ለእነሱ ይሰጥ። ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሿ ጉዳይ አስቀድማ ትመረጥ፣ በተባለው ቀንም ትፈጸም። እነሱን አሁን "እመኑን" አትበሏቸው። የመጀመሪያው ንባብም ለከርሞ አይቆይ፤ ይህ በጋ ሳይወጣ ይሁን።